የገብርኤል ዕለት የተጎዘጎዘ ሣር

«ለቢቸና ከተማና ለአካባቢዋ ነዋሪዎች በሙሉ። ወደ ደብረ ወርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ቀድሞ ድንጋይ ይፈለጥበት በነበረው መሬት ላይ ሣር መብቀሉን ስናበስር ታላቅ ደስታ ይሰማናል።»

ድምፅ ማጉያ የጫነችው መኪና ይህን እያወጀች ገበያውን ዞረች፤ መናኸሪያውን ዞረች፤ ያልሰማ እንዳይኖር ተመልሳ ገበያውን ዞረች። ወሩ ሐምሌ ነው። በሐምሌ፣ በጎጃም ምድር፣ ዜና የሚሆነው ሣር ያልበቀለበት ቦታ ቢገኝ ነው። በቆርቆሮ ጣራ አሸንዳ ውስጥ ይበቅላል፤ ሳይንቀሳቀስ በከረመ ጋሪ ላይ ይበቅላል፤ አንድ ቦታ ብዙ በተቀመጠ ሽማግሌ ላይ ሲበቅል ያየ ባይኖርም፣ ቢበቅል የሚደነግጥ አይኖርም።

ሆኖም የሳቀ ሰው አልነበረም። ጃንጥላ ያለው ጃንጥላውን ዘርግቶ፣ የሌለው የማዳበሪያ ጆንያ ተከናንቦ ሊያይ ወጣ። ሻይ ቤቶቹ ባዶ ቀሩ። አንድ ባለ ባጃጅ የሚሄድበትን አገር ስም ትቶ «ሣር፣ ሣር፣ አንድ ሰው የቀረው» እያለ ሲጣራ ዋለ፤ ሲመለስም «ከሣር፣ ከሣር» ይል ነበር።

ሰዉ ወዶ አይደለም። ያ መሬት ካባ፣ የድንጋይ ማውጫ፣ ነበር። መንገዱ ሲሠራ ኮረብታው በድማሚት ተንዶ፣ ተፈጭቶ፣ ጠጠር ሆኖ አስፋልቱ ሥር ገባ። ኮረብታው ደግሞ የመንደራችን ግጦሽ ነበር። ዛሬ ከቢቸና ሞጣ የሚነዳ ሁሉ በእኛ ከብቶች ምሳ ላይ ነው የሚነዳው። መንገድ ሠሪው ድርጅት ሥራውን ሲጨርስ ጉድጓዱን ደልድሎ፣ ጥቁር አፈር አልብሶት ሄደ። ሽማግሌዎች አፈሩን በከዘራቸው ወጋ ወጋ አደረጉና ሬሳ ነው አሉ፤ ቢያለብሱትም አይነሣም። ይህን ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ፤ ለዓመታትም ልክ ሆነው ኖሩ።

ፀሐይነሽ ግን ቤቷ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ነው። ባሏ የሞተባት፣ ግድግዳዋ በድማሚቱ የተሰነጠቀ፣ ግጦሹ ከሄደ ወዲህ ከላሞቿ አንዲት ቦራ ብቻ የቀረችላት ሴት ናት። ያቺም ላም ከጓሮ ታስራ ጭድ ታመነዥጋለች፤ ወተቷም ጭድ የበላች ላም ወተት ነው፤ ብዙ አይወራለትም። ፀሐይነሽ የሰፈሯን ሴቶች ሰበሰበችና መሬቱን ለከብት መኖ ስጡን ብላ አመለከተች። ሌላ የሚፈልገው ስላልነበረ ተሰጣቸው። ማኅበር ሆኑ፤ እሷም ሰብሳቢ ሆነች።

ፈላጊ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የመንገዱን ቀጣይ ክፍል የያዘ ሌላ ተቋራጭ፣ ካባውን እንደገና ልክፈተው አለ። ከበላይ ያሉት ሰዎች አስበው ፈረዱ። መሬቱ በዚህ ክረምት ከዳር እስከ ዳር ሣር ከለበሰ «ያገገመ መሬት» ይባላል፤ ለሴቶቹም ይጸናል። ካልለበሰ በጥቅምት ድንጋይ ፈጪው ማሽን ይመለሳል። ለብሷል አልለበሰም የሚለውን የሚመሰክሩት ሞጣዎች ይሁኑ ተባለ። ጉዞው የምስክርነት እንዳይመስል «የልምድ ልውውጥ» የሚል ስም ወጣለት።

ሞጣዎች የተመረጡት ያለ ምክንያት አይደለም። አምና የራሳቸውን ካባ በአንድ ክረምት አረንጓዴ አድርገዋል። ይህ «የሞጣ ተሞክሮ» ይባላል፤ ያልተነሣበት ስብሰባ የለም። የዘገየ ነገር ሁሉ «ሞጣ እኮ በአንድ ክረምት ነው» ተብሎ ይወቀሳል። የቀበሌያችን መጸዳጃ ቤት ግንባታ ሳይቀር በሞጣ ሣር ተወቅሷል።

እዚህ ላይ የሣሩን ነገር መናገር ያስፈልጋል። ደሾ ይባላል። በዘር አይዘራም፤ ካደገው ላይ ከነሥሩ ተገንጥሎ ግንጣዩ ይተከላል። ሴቶቹ በሰኔ መግቢያ የካባውን የላይኛውን ግማሽ ተከሉ። ያዘ። ያዘ ብቻ ሳይሆን ጉልበት ደረሰ፤ ነፋስ ሲመጣ እንደ ጤፍ ማሳ ይተኛል፣ ይነሣል። ሬሳ ያሉት ሽማግሌዎች መጥተው አዩት፤ ነክተው አዩት፤ አንደኛው ቆርጦ ቀመሰውና ሣር ነው ብሎ መሰከረ።

የታችኛው ግማሽ ግን ሳይተከል ቀረ። በስንፍና አይደለም። ሰኔ በካላንደር ላይ ብዙ ቀን አለው። ለገበሬ ግን ሚካኤል አለበት፣ እመቤታችን አለችበት፣ ዮሐንስ አለበት፤ ሐምሌም ሲገባ ጴጥሮስ ወጳውሎስን አስከትሎ፣ ሥላሴን ይዞ ነው የሚገባ። ግንጣዩ በደረሰበት ቀን በዓል ነው። በዓሉ ባለፈ ማግስት ዝናቡ ከቤት አያስወጣም። ዝናቡ ባባራ ቀን እንደገና በዓል ነው። በበዓል ቀን ዶማ ያነሣ ሰው ደግሞ በረዶ ይጠራል፤ በረዶውም የጠሪውን ማሳ ብቻ መርጦ አይመታም። ስለዚህ በበዓል የሚሠራውን የሚቆጣጠረው ቄሱ ሳይሆን ጎረቤቱ ነው።

ምናለ ይህን ሁሉ ያውቃል። ምናለ ከከተማ የተመደበልን የመኖ ባለሙያ ነው፤ ትሑት ልጅ ነው፤ ነገር ግን ሪፖርት በበዓል አይቆምም። «ከቨሬጅ መቶ በመቶ» ብሎ ላከ። ሴቶቹ ሲጠይቁት፣ ፕላኑ ላይ እስካለ ድረስ እንደ ተተከለ ይቆጠራል ብሎ አስረዳቸው። ፎቶም አነሣ፤ የላይኛውን ግማሽ ብቻ፣ ጭቃው ላይ ተንበርክኮ ከታች ወደ ላይ፣ ሣሩ ሰማይ የነካ እስኪመስል። ያቺ ፎቶ ናት ድምፅ ማጉያዋን ገበያ ያስዞረች። ሊያይ የወጣው ሕዝብም ከላይ ሆኖ አየ፤ የታችኛውን ግማሽ ጭጋግ ሸፍኖት ነበር። ጭጋግ በዚያ ሰሞን ለምናለ መሥሪያ ቤት ብዙ አገልግሏል።

ፎቶዋ ግን ቢቸና ላይ አልቆመችም። በቴሌግራም ሞጣ ገባች። ነሐሴ ማለቂያ ላይ ሊመጡ የነበሩት ሰዎች፣ እንዲህ ካማረማ ምን ያስጠብቀናል አሉ።

ወሬው የደረሰን በሐምሌ ገብርኤል ዕለት ነው፤ የደብራችንም ታቦት ገብርኤል ነው። ታቦቱ ገብቶ ሕዝቡ ገና ከቅጽሩ ሳይበተን፣ ምናለ ስልኩን በእጁ እንደያዘ በሰው መሐል እየተጋፋ መጣ። ፊቱ ጠበል የተረጨ ይመስላል።

«እትዬ ፀሐይነሽ፣ ነገ ናቸው።»

«እነማን?»

«ሞጣዎች።»

ፀሐይነሽ መጀመሪያ ያየችው ምናለን ሳይሆን ወደ ካባው በኩል ነው። ጭጋጉ ተገፎ፣ የታችኛው ግማሽ ጥቁር ሆኖ ከሩቅ ይታያል። አጠገቧ የቆመችው የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ማስተዋል ነጠላዋን አስተካከለች።

«ምን ቸገረ፤ ሪፖርትህን እዚያ ታች አንጥፈዋ» አለችው ምናለን። «መቶ በመቶ ይሸፍነዋል።»

ምናለ ዛሬ ከሰዓት ቢተከልስ ብሎ ሊጀምር ሲል የዙሪያው ሰው ሁሉ ዞሮ አየው፤ የጀመረውን ዋጠው። ፀሐይነሽ ግን የዋጠውን ሰምታለች። ቀጥታ ወደ የኔታ ገብረ ሕይወት ሄደች።

የኔታ ቅኔ ሲያስተምሩ ያረጁ፣ ዓይናቸው የደከመ መምህር ናቸው። ከዋርካው ሥር ተቀምጠዋል። እግራቸውን ሳመች፤ ነገሩንም አልጠመዘዘችውም።

«የኔታ፣ ዛሬ ሣር ብንተክልስ?»

«በምን?»

«በዶማ ነዋ።»

«በገብርኤል ቀን፣ በዶማ? እንግዲህ በረዶውን አንቺው ትመልሽዋለሽ።»

አልተነሣችም። ዛሬ ካልተተከለ መሬቱ እንደሚሄድባት፣ ማሽኑ ተመልሶ ደጃፏ ላይ እንደሚቆም፣ ከእንግዲህ ሌላ ግድግዳ እንደሌላት ነገረቻቸው። ስትነግራቸው የነጠላዋን ጥለት ታፍተለትል ነበር። የኔታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሎን ነበር።

«ቤትሽን ለበዓሉ ምን አደረግሽው?» አሏት።

«ምን አደርገዋለሁ የኔታ፤ ጠረግ ጠረግ አድርጌ ሣር ጎዘጎዝኩ።»

«ማን ከለከለሽ?»

«ማን ይከለክለኛል፤ የበዓል ወግ አይደል።»

«እኔም የማውቀው እንዲያ ነው።» መቋሚያቸውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩ። «ሣር በቤት ውስጥ ብቻ ይጎዝጎዝ የሚል አላነበብኩም። የተጎዘጎዘ ሣር ረገጥኩ ብሎ ንስሐ የገባም አላጋጠመኝም። ዶማ ግን እንዳላይ።»

የኔታ ከክንዳቸው አርቀው የማያዩ መሆናቸውን ደብሩ ሁሉ ያውቃል። ሆኖም ያን ዕለት ዶማ የነካ ሰው የለም፤ ቃሉ ተከብሯል።

ሴቶቹ ወደ ካባው ወረዱ። ከላይኛው ሣር የበዛውን በእጃቸው እየገነጠሉ ከነሥሩ አወጡት። የታችኛው አፈር የክረምቱን ውሃ ጠጥቶ ሊጥ ሆኗል። ለመጀመሪያዋ ግንጣይ ቦታ ያበጀችላት ማስተዋል ናት። ጫማዋን አወለቀችና በተረከዟ ጭቃውን ጫን አለችው፤ ጎድጓዳ ሆነ። ግንጣዩን አስገባችና ከጎን ጫን፣ ዞር፣ ከወዲያ በኩል ደግሞ ጫን። ሣሩ ቆመ። «ተጎዘጎዘ» አለች። በምናለ ማኑዋል ላይ የዚህ ዓይነት አተካከል የለም፤ ማኑዋሉን ያዘጋጁት ሰዎች በዓል አላጋጠማቸውም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማን እንደ ጀመረው አይታወቅም። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ሕዝብ መንገዱ በካባው አፋፍ ነው። ሴቶቹን አየና ቆመ፤ ምን እየሠራችሁ ነው ሲል ጠየቀ፤ ምንም እየሠራን አይደለም፣ እየጎዘጎዝን ነው ተባለ። የኔታ ፈቅደዋል መባሉም ተከትሎ ወረደ። ከዚህ በኋላ ነጭ ለባሹ ሁሉ ቁልቁል ወደ ጭቃው ገባ። ሱሪውን ያልሰበሰበ፣ ቀሚሷን ያልታጠቀች የለም። ታቦቱን ሸኝተው የሚመለሱት ወጣቶች ከበሮውን ይዘውት ስለነበር እሱም ወረደ። ከበሮ ካለ ደግሞ ተረከዝ ዝም አይልም። አንዱ መስመር ጫን ሲል ሌላው ዞር ይላል፤ ሣሩ ከኋላቸው አረንጓዴ ሆኖ እየቀረ መስመሩ ወደ ታች ይወርዳል። ዝናቡ መጣ፤ ማንም አልሸሸም፤ ዝናቡ ራሱ ያፈረ ይመስል ከፍ ዝቅ እያለ ቆየና ሄደ። ሬሳ ነው ያሉት ሽማግሌዎች ለተመልካችነት ወርደው ነበር፤ ትንሽ ቆይተው ማነው ይህን ያዛነፈው እያሉ ያርሙ ጀመር። ባለ ባጃጁ ባጃጁን አቁሞ ገባ። የምናለ አንድ ጫማ ጭቃው ውስጥ ቀረ፤ ፍለጋውን ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተወው፤ በባዶ እግሩ ከሁሉም የተሻለ ረገጠ። እንደዚያ ሲስቅ አይተነው አናውቅም።

ወደ ማታው ገደማ የኔታ ሥራ እየተሠራ እንዳይሆን ሊያረጋግጡ እጃቸውን ተይዘው መጡ። ዶማ አለ ወይ አሉ፤ የለም ተባሉ። ይሁን ብለው በመስመሩ መሐል አለፉ። ሲያልፉ በየግንጣዩ አጠገብ እየቆሙ ተረከዛቸው ላይ ጠንከር ብለው ይደገፉ ነበር፤ እርጅና ነው።

ጀምበር ስትጠልቅ ካባው ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ነበር። ፀሐይነሽ ከደጃፏ ሆና አየችው። መዳፏን አፏ ላይ ጭና ብዙ ቆመች። ሴቶቹ ነይ ግቢ፣ ብርድ ነው ሲሏት፣ እኔ እኮ ኮረብታው ሳለ እንኳ እንዲህ አላየሁትም አለች።

በማግስቱ ሞጣዎች መጡ። የቡድኑ መሪ አቶ ባንተአምላክ ይባላሉ፤ ረጋ ያሉ፣ ሲጠይቁ የሚያጣሩ ሰው ናቸው። ከኋላቸው የሞጣ ማኅበር ሴቶች አሉ። ከበላይ የተላከ፣ ምስክርነቱን የሚጽፍ ቃል ተቀባይ ወጣትም እስክሪብቶውን ከፍቶ ይከተላል። የኔታ በጸሎት ከፈቱ። ምናለ ንግግር አደረገ፤ የሰኔን ተከላ በዝርዝር አቀረበ፤ የትኛው ግማሽ እንደሆነ አላነሣም። ከሞጣዎች በኩል አንዷ ተነሥታ፣ በእኛም እንዲሁ ነበር፣ ሰኔ ተከልን፣ ክረምቱ ሳይወጣ ለበሰ አለች። ሁላችንም አጨበጨብን። ሁለቱም ወገን እርስ በርሱ በጣም ተማረ።

አቶ ባንተአምላክ ግን ቃላቸውን ለመጨረሻ አቆይተው ነበር። መሬቱን ረግጠው ሳያዩ እንደማይመሰክሩ ተናገሩና ወደ ታችኛው ግማሽ ወረዱ። እኛም ተከተልን፤ ቀስ ብለን፣ እንደ ቀብር።

«ታችኛውም ከላይኛው ጋር ነው የተተከለ?» አሏት ፀሐይነሽን።

«አንድ ሣር ነው አቶ ባንተአምላክ፤ ከላይኛው የተገነጠለ ነው» አለች። ይህ ውሸት አልነበረም። ዓይኗን ግን ከመሬት አላነሣችም።

በፕሮግራሙ ላይ የቀረው ነገር ላሚቱ ናት። ከብት ወደ መሬቱ እንደማይገባ፣ ሣሩ ታጭዶ እንደሚቀርብለት ለማሳየት፣ ቦራ በገመድ ተይዛ መጣች፤ በእንቅብ የታጨደ ሣር ተደረገላት። ይህች ላም ለዓመታት ጭድ ላይ ኖራለች። እንቅቡን አሸተተችው፤ ከዚያ ቀና ብላ መላውን ካባ አየችው። ገመዱ ከፀሐይነሽ እጅ ሲያመልጥ ማንም ለመያዝ አልደረሰም። ቦራ ሮጣ አልሄደችም፤ እንደ ባለ ቤት ረገጥ ረገጥ እያለች ወርዳ፣ ቃል ተቀባዩ እግር አጠገብ ያለውን ሣር በምላሷ ጠምልላ ሳበችው።

የያዘ ሣር ይቆረጣል። ይህኛው ከነሥሩ መጣ። ጥቁር ጭቃ እንደ ጢም ከአፏ ተንጠልጥሎ፣ ቦራ ሁላችንንም እያየች ማኘክ ጀመረች።

ምናለ የአፈሩ ርጥበት በዚህ ወቅት እያለ ሊያብራራ ሞከረ፤ ዓረፍተ ነገሩ መሐል ላይ ጠፋበት። ማስተዋል ሰማዩን ተመለከተች። የኔታ ምን ሆነ ብለው ጠየቁ። ወጣቱ እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አሳርፎ የአቶ ባንተአምላክን አፍ ይጠብቃል።

አቶ ባንተአምላክ ሣሩን ከላሟ አፍ ፈልቀቅ አድርገው ወሰዱ። ሥሩን ገልብጠው አዩት፤ በጣታቸው ጭቃውን ፈረክ አደረጉት።

«ትናንት ነው» አለች ፀሐይነሽ። «የተተከለው ትናንት ነው፤ በገብርኤል። ሕዝቡን ያወረድኩት እኔ ነኝ። የሚጻፍም ካለ በእኔ ስም ይጻፍ።»

አቶ ባንተአምላክ የሱሪያቸውን እግር በሁለት ጣት ከፍ አደረጉ። ከተነቀለው አጠገብ ተረከዛቸውን ጭቃው ላይ ጫን አደረጉ፤ ጎድጓዳ ሆነ። ግንጣዩን አስገቡ። ከጎን ጫን፣ ዞር፣ ከወዲያ በኩል ጫን። እግራቸው ሳያስብ ነው የሠራው፤ ያሳያቸው ሰው አልነበረም። ሣሩ ቆመ።

«ይዟል» አሉት ወጣቱን። «ጻፍ።»

ከኋላቸው የቆሙት የሞጣ ሴቶች እርስ በርሳቸው አልተያዩም። ነጠላቸውን አጥብቀው ታጠቁ፤ ጫማቸውን አውልቀው ዳር አኖሩ፤ ማንም ሳያዛቸው ወደ መስመሮቹ ገብተው፣ ላልቶ ያገኙትን ግንጣይ ሁሉ በተረከዛቸው ጫን፣ ዞር፣ ጫን ያደርጉት ጀመር።